በረባሶ ላይ የቆመ ቼሎ

ቼሎው አልቆም አለ። ሴትየዋ ትቀመጣለች፣ ቼሎውን ጉልበቶቿ መሃል ታስገባለች፣ ደጋኑን ታነሳለች። ገና ሁለት ጊዜ ሳትስብ የብረት እግሩ ሸርተት ብሎ ወደፊት ይሄዳል።

ቼሎ ቫዮሊን የሚመስል ትልቅ የክር መሣሪያ ነው፤ ከታች አንድ ሹል የብረት እግር አለው። ያ እግር ወለሉ ላይ ካልተተከለ መጫወት አይቻልም። ወለሉ እንጨት ሲሆን ቆንጠጥ አድርጎ ይይዛል። የእኛ አዳራሽ ግን ጎንደር ፒያሳ ካሉት የጣሊያን ጊዜ ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ ነው። ወለሉ ተወልውሎ ተወልውሎ ፊት ያሳያል። ምንጣፍ አመጣን፤ ምንጣፉ አብሮ ሄደ። በገመድ ከወንበሩ እግር ጋር አሰርነው፤ ገመዱ ላላ። ለሙዚቃ ዝግጅቱ ሰው ሊገባ የቀረው አንድ ሰዓት ተኩል ነው።

የአዳራሹ ጥበቃ በር ላይ ቆመው ሲያዩን ቆይተው ወጡ። ሲመለሱ የአሮጌ በረባሶ ሶል ይዘዋል። ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ነው፤ ጥርሱ ገና አላለቀም። መሬት ላይ አስቀመጡት፣ ረገጥ ረገጥ አደረጉትና "እስቲ እዚህ ላይ ትትከለው" አሉኝ።

ተተከለ። ሴትየዋ ወፍራሙን ክር አንድ ጊዜ ረጅም አድርጋ ሳበች። ድምፁ ከጆሮዬ በፊት በጫማዬ በኩል ገባ። ጎማው ንቅንቅ አላለም። ጋሼም ምንም ሳይሉ ወደ በራቸው ተመለሱ።

ስለዚያ ምሽት ለመጻፍ ስንት ጊዜ ቁጭ ብዬ ተነስቻለሁ። የቼሎና የፒያኖ ዝግጅት ነበር። ቼሎ የምትጫወተው ከአውሮፓ የመጣች እንግዳ ናት። ፒያኖ ላይ የተቀመጠው የአዲስ አበባ ልጅ ነው። እኔ ከአዘጋጆቹ አንዷ ነበርኩ፤ በዚያ ላይ የፒያኒስቱን ኖታ የምገልጠው እኔ ነኝ። ኖታ ማንበብ የተማርኩት አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ፣ በማታ የኪቦርድ ትምህርት ነው። እዚህ ለዚህ ሥራ ሰው ሲፈለግ ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ።

ገጽ መግለጥ ቀላል ይመስላል። ከፒያኒስቱ በስተግራ፣ ትንሽ ወደኋላ ብለሽ ትቀመጫለሽ። ገጹ ሊያልቅ ሁለት መስመር ሲቀረው ቀስ ብለሽ ትነሻለሽ። በግራ እጅሽ የወረቀቱን የላይኛውን ጥግ ትይዣለሽ። እሱ ራሱን ነቅነቅ ሲያደርግ ትገልጫለሽ፤ ወረቀቱ ድምፅ ማሰማት የለበትም። ከዚያ ቁጭ። ትንፋሹን ትሰሚያለሽ። ጣቱ ቁልፉን ከመንካቱ በፊት ያለውን ዝምታ ሁሉ ትሰሚያለሽ። ከአዳራሹ ሁሉ ለሙዚቃው የቀረበ ቦታ እሱ ነው።

ከዝግጅቱ በፊት "ጎንደር ውስጥ ይሄን ማን ይሰማዋል?" ያላለኝ ሰው የለም። የማከብራቸው ሰዎች ጭምር። ሰው ማሲንቆ ይወዳል፣ እስክስታ ይወዳል፣ ግጥም ይወዳል፤ ቃል የሌለው ሙዚቃ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብሎ አይሰማም፤ ክርክሩ ይኼ ነው። አንዱ ደግሞ ትዝታንና አምባሰልን በቼሎ አስጫውቷቸው፣ ያኔ ሕዝቡ ይደሰታል ብሎ መከረኝ። ትዝታን በቼሎ መስማት እኔም እወዳለሁ። ግን ሰውን ከሚያውቀው ሌላ አይችልም ብሎ ከወዲሁ መወሰን ንቀት ነው። አሁን እንዲህ እላለሁ እንጂ ያኔ እኔም ከእነሱ የተሻልኩ አልነበርኩም።

ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፒያኒስቱ ዝርዝሩን ላከልኝ። ጀርመኖቹ አቀናባሪዎች ባኽና ቤትሆቨን፣ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ አንድ የፒያኖ ድርሰት፣ መጨረሻ ላይ አርቮ ፔርት የሚባል የኢስቶኒያ አቀናባሪ። የፔርትን ስልኬ ላይ ከፍቼ አዳመጥኩት። በጣም ዝግ ያለ ነው። ፒያኖው ሦስት ሦስት ድምፅ እየለቀመ ይሄዳል፤ ቼሎው አንድ ድምፅ ይዞ ይቆያል፣ ሌላ ድምፅ ይዞ ይቆያል። በቃ። ወዲያው ደወልኩለት።

"ይቺን ብንተዋትስ? ሕዝቡ ይሰለቻል" አልኩት።

"የትኛው ሕዝብ?" አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። "እሷ ትቆይ" አለና ዘጋው።

ሌላው ጭንቀት ፒያኖው ነበር። ግድግዳ ተጠግቶ የሚቆመው ዓይነት አሮጌ ፒያኖ ነው። ለዓመታት የዕቃ ማስቀመጫ ሆኖ ኖሯል። ቃኚ ከአዲስ አበባ መጣልን። አንድ ፒያኖ 88 ቁልፍና ከ200 በላይ ክር አለው። ከመሃል ጀምሮ ወደ ቀጭኑ በኩል ለአንድ ድምፅ ሦስት ሦስት ክር ነው፤ ሦስቱ አንድ ካልሆኑ ድምፁ ይላቀሳል። ሰውየው ከጠዋት ጀምሮ አንዱን ክር ሲያጠብቅ ሌላውን በጨርቅ ሲያፍን ዋለ። ምሳ ይዤለት ስገባ በእጁ ዝም በይ የሚል ምልክት ሰጠኝ። ፒያኖው ውስጥ ጭንቅላቱን አስገብቶ ያዳምጣል። እንጀራው ቀዘቀዘ። አመሻሹ ላይ ሁለት ቁልፎች ብቻ አልስተካከል አሉት፤ ሁለቱም ዳር ያሉ ስለሆኑ ተውናቸው።

የኔታን የጋበዝኩት በመጨረሻው ቀን ነው። የአባቴ ወንድም ናቸው፣ መሪጌታ ናቸው። ቤተሰቡም ሠፈሩም የኔታ ነው የሚላቸው። ዕድሜያቸውን የፈጁት አቋቋም በማስተማር ነው። ለማያውቅ አንባቢ፣ አቋቋም የቅዱስ ያሬድ ዜማ በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ የሚወርድበት ትምህርት ነው። ከየአገሩ ተማሪ ጎንደር ባእታ ድረስ የሚመጣው እሱን ፍለጋ ነው። መጀመሪያ ቁም ዜማው በባዶ ድምፅ ይባላል። ቀጥሎ ዝማሜው፣ በመቋሚያ እየተዘመመ። ከዚያ መረግዱ፣ በከበሮና በጸናጽል፣ ከዚያ ፈጠን የሚለው ጽፋቱ። አንዱ ዜማ ደጋግሞ ይመጣል፤ በመጣ ቁጥር ግን ሌላ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ነው ይሄን የሚያደርጉት።

"ዘፈን ነው?" አሉኝ።

"ቃል የለውም፣ የኔታ። እንጨትና ክር ነው።"

ዝም ብለው ቆዩ። "ከኋላ እቀመጣለሁ። ካልሆነልኝ እወጣለሁ" አሉ።

የካቲት ነው። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ማታ ንፋሱ ጋቢ ያስለብሳል። አዳራሹ ሞላ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ከሥራ በቀጥታ የመጡ ነርሶች፣ ልጅ ያቀፉ አባት፣ ሁለት ሦስት የውጭ ሰዎች። የኔታ እንዳሉት ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ነጭ ጥምጥማቸው ከሩቅ ይታየኛል።

መጀመሪያ ቼሎዋ ብቻዋን ባኽን ተጫወተች፤ የመጀመሪያውን ስዊት መግቢያ። ስዊት ተከታትለው የሚጫወቱ አጫጭር ሙዚቃዎች ስብስብ ነው። እኔ ሥራ ስላልነበረኝ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ሰማሁ። አንድ መሣሪያ ብቻ ነው። ግን አንዱ ድምፅ ከታች ይቀራል፣ ሌላው ከላይ ይሄዳል፤ ሁለት ሦስት ሰው የሚነጋገር ይመስላል።

ባኽ ስድስቱን የቼሎ ስዊቶች የጻፈው ጀርመን አገር ኮተን ከተማ፣ በአንድ መስፍን ቤት ተቀጥሮ ሲሠራ እንደሆነ አጥኚዎች ይገምታሉ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1717 እስከ 1723 ባለው ጊዜ መሆኑ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ እንደዚሁ ናቸው። ይሄን ዓመት ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ፋሲል ግቢ ውስጥ የዘፈን ቤት የሚባለውን ያሠሩት አጼ ዳዊት ሣልሳዊ ናቸው። የነገሡት ከ1716 እስከ 1721 ነው። ልጅ ሆነን ትምህርት ቤት ይዞን ሲሄድ ከፋሲል ግንብ በኋላ የምንሮጠው ወደዚያ ነበር፤ ስንጮህ ድምፃችንን መልሶ ይሰጠናል። አንድ ንጉሥ ጎንደር ላይ ለዘፈን ብቻ ቤት ሲያሠራ፣ ባኽ እዚያ ማዶ ይቺን ሙዚቃ እየጻፈ ነበር ማለት ነው። አንዱ ስለ ሌላው አልሰማም። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ለዜማ ቤት የሠራች ከተማ ዛሬ "እዚህ ማን ይሰማል" ስትባል ያመኛል።

ሌላም አለ። ባኽ በእጁ የጻፈው የስዊቶቹ ቅጂ ጠፍቷል። ከቀሩልን ቅጂዎች ዋናው ሚስቱ አና ማግዳሌና የገለበጠችው ነው። ደጋኑ የቱ ጋ ይያያዝ፣ የቱ ጋ ይቆረጥ የሚለው እሷ ቅጂ ላይ በደንብ አይለይም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ተጫዋች ራሱ ይወስናል። ብዙ ዘመን ሙዚቃው እንደ መለማመጃ ብቻ ይታይ ነበር። በ1890 ፓብሎ ካዛልስ የሚባል፣ በኋላ ታላቅ የቼሎ ተጫዋች የሆነ የ13 ዓመት ልጅ ባርሴሎና ውስጥ አንድ አሮጌ ኖታ የሚሸጥ ሱቅ ገብቶ አገኘው። በሕዝብ ፊት ለመጫወት ከመድፈሩ በፊት ከአሥር ዓመት በላይ አጠናው። ይሄን ለየኔታ ብነግራቸው ምንም አይገርማቸውም። አሥር ዓመት እሳቸው ጋ ብዙ ጊዜ አይደለም።

ባኽ እንዳለቀ ቀጭኑ ክር ረገበ። የየካቲት ደረቅ አየር እንጨት ያከሳል፤ የክሩ መጠምዘዣ ይላላል። ሴትየዋ ደነገጠች፣ ሕዝቡን ይቅርታ የምትጠይቅ ዓይነት ፊት አሳየች። ሕዝቡ ግን ምንም አልመሰለውም። እዚህ አገር አዝማሪ ግጥም መሃል ቆሞ ማሲንቆውን ይቃኛል፤ ማንም አይቸኩልበትም። ጆሮዋን ወደ ክሩ አስጠግታ ቀስ በቀስ ስታጠብቅ አዳራሹ ጸጥ ብሎ ጠበቃት። ማሲንቆም ቼሎም የፈረስ ጭራ ነው የሚስባቸው፤ ሁለቱም ደጋን ላይ ሙጫ ካልተቀባ ድምፅ አይወጣም። ልዩነቱ ማሲንቆ ክሩ ራሱ ጭራ መሆኑ፣ እሱም አንድ ብቻ መሆኑ ነው። በአንድ ክር ያንን ሁሉ ማልቀስና መሳቅ የሚችል ሰው ያደገበት ከተማ ለአራት ክር ባዳ አይሆንም።

ቀጥሎ ቤትሆቨን፤ በ1808 የጨረሰው የላ ሜጀር ሶናታ፣ ለቼሎና ለፒያኖ የተደረሰ ባለ ብዙ ክፍል ሙዚቃ። እሱ ከመጻፉ በፊት ባለው ዘመን በእንዲህ ያለ ሙዚቃ ቼሎ በአብዛኛው አጃቢ ነበር። እዚህ ግን ቼሎው ብቻውን ይጀምራል፣ ፒያኖው ዝም ብሎ ይጠብቃል። ጥያቄ እንደሚጠይቅ ሰው ነው። ከዚያ ፒያኖው ቃሉን ከአፉ ተቀብሎ ይጨርስለታል። እኔ ፒያኒስቱ አጠገብ ሆኜ ያንን መጠበቅ አየሁት። እጆቹ ጭኑ ላይ ናቸው። ዓይኑ ኖታው ላይ አይደለም፣ እሷ ላይ ነው።

ሁለተኛው ክፍል ላይ ተሳሳትኩ። ፈጣን ነው፤ ምቱ ከቦታው እየዘለለ የሚወድቅ ነው። ወረቀቶቹ በፕላስተር የተያያዙ ፎቶ ኮፒዎች ናቸው። ሁለት ገጽ ተጣብቆ አንድ ላይ ተገለጠ። ደሜ ቀዘቀዘ። ፒያኒስቱ ግን አላቆመም። በቃሉ ቀጠለ፣ እኔ ጣቴን ምላሴ ላይ አርጥቤ አንዱን ገጽ ላቅቄ እስክመልስ ድረስ። ሲያልቅ ወደ እኔ ዞር ብሎ በዓይኑ "ደህና ነው" አለኝ። እጄ መንቀጥቀጡን ያቆመው ከብዙ በኋላ ነው።

የእማሆይ ድርሰት ሲደርስ ኖታ አልነበረም። በቃሉ ነው የሚጫወተው። ወንበሬን ወደኋላ ሳብኩና በዚያ ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዝቡን ቀና ብዬ አየሁ።

እማሆይ ጽጌማርያም ለዚህ ከተማ እንግዳ አይደሉም። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ የጎንደር ከንቲባ ነበሩ። እሳቸው በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊን ተማሩ፣ በኋላ ካይሮ ሄደው ሙዚቃ አጠኑ፣ ከዚያ ዓለምን ትተው መነኮሱ። በ1960ዎቹ፣ እንደ ፈረንጆቹ፣ ጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጥንተዋል። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በየደጁ ሜዳ ላይ የሚያድሩ የቆሎ ተማሪዎችን ያዩ ነበር። አንጀታቸው አልቻለም። ገንዘብ የላቸውም፤ ያላቸው ፒያኖ ነው። በ1967 ጀርመን አገር የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው ገቢ እነዚያን ድሃ ተማሪዎች ለመርዳት ነበር። በ2023፣ በ99 ዓመታቸው፣ ኢየሩሳሌም ዐረፉ።

የኔታ በዚያን ጊዜ ልጅ ነበሩ። የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው፣ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያሉ በየደጁ የለመኑ ናቸው። ከዚያ ገንዘብ ለእሳቸው ይድረስ አይድረስ ማን ያውቃል፤ ጠይቄያቸውም አላውቅም። ፒያኖው እንደሚያቅማማ ሰው አንድ እየረገጠ፣ ቆም እያለ ሲሄድ፣ በሩ አጠገብ ያለውን ነጭ ጥምጥም እያየሁ ዓይኔ እንባ ሞላ። አልወጡም። መቋሚያቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው፣ በማኅሌት ላይ እንደሚቆሙት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። አባትየው ያቀፉት ልጅ ተኝቷል። ነርሶቹ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈዋል። ስልክ ያነሳ ሰው ነበር፤ ግን እሱም ዝቅ አድርጎ ረስቶት ነበር።

ከዚያ ፔርት። እኔ አውጧት ያልኳት። በ1978 የተጻፈች ናት። ስሟ በአማርኛ "መስታወት በመስታወት ውስጥ" እንደማለት ነው። ወደ አሥር ደቂቃ ትጠጋለች። በዚያ ሁሉ ጊዜ ፒያኒስቱ አንድም ጊዜ ድምፁን ከፍ አላደረገም። ገጽ ለመግለጥ ስነሳ የቀሚሴ ድምፅ ተሰማኝ፤ ያን ያህል ጸጥታ ነበር። የመጨረሻው ድምፅ ጠፍቶ እንኳ ማንም አላጨበጨበም። ደጋኑ ክሩ ላይ እንዳረፈ ቆየ። ከውጭ የባጃጅ ድምፅ መጥቶ አለፈ። ከዚያ በኋላ ነው ጭብጨባው የመጣው።

የኔታን ወደ ቤት የሸኘኋቸው በእግር ነው። ታክሲ አልፈለጉም። ረጅም መንገድ ዝም አልን።

"የመጨረሻውን የደረሰው ሰው" አሉ በመጨረሻ፣ "የቤተ ክርስቲያን ዜማ ተምሯል?"

ቆምኩ። ፔርት ለዓመታት አዲስ መጻፍ ከሞላ ጎደል ትቶ የድሮ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሲያጠና እንደነበር፣ ኦርቶዶክስም እንደሆነ፣ ከዚያ ሲመለስ የአጻጻፉን ዘዴ በደወል ስም እንደጠራው ነገርኳቸው።

"ያስታውቃል" አሉ። መቋሚያቸውን ወደ ፊታቸው አምጥተው በጣታቸው እንጨቱ ላይ አሳዩኝ። "ማረፊያው አንድ ቦታ ነው። ከታች ይመጣና እዚህ ያርፋል። ከላይ ይመጣና እዚሁ ያርፋል። ደግሞ ሲመለስ በአንድ ይረዝማል። እንደገና በአንድ። ቆጠርኩት።"

እኔ ይሄንን የማውቀው ኖታው ፊቴ ስለነበረ ነው። ልክ ናቸው። የቼሎው ዜማ ሁልጊዜ አንዲት ድምፅ ላይ ያርፋል፤ አንዴ ወጥቶ፣ አንዴ ወርዶ፣ ሐረጉ በአንድ አንድ ድምፅ እየረዘመ። ስሙም መስታወት የተባለው ለዚያ ነው። ፕሮግራሙ ላይ አልጻፍነውም። ማንም አልነገራቸውም። እኔ በስልኬ ሰምቼ ይሰለቻል ያልኩትን እሳቸው በጨለማ ቁጭ ብለው እርምጃውን ቆጥረውታል።

"የመካከለኛውስ? ቤትሆቨን?" አልኳቸው።

"እሱ ይጣደፋል። ጎበዝ ነው፣ ግን ይጣደፋል። መጨረሻው አካባቢ ትንሽ ዝግ አለና ደስ ሲለኝ ትቶት ሮጠ።"

ይሄም ልክ ነው። ያ ሶናታ ራሱን የቻለ ዝግ ያለ ክፍል የለውም። ከመጨረሻው ክፍል በፊት 18 መስፈር ብቻ (መስፈር ኖታ ላይ በቋሚ መስመር የሚለይ የምት ክፍል ነው) የምትሆን ዝግ ያለች ዜማ አለች፤ ከዚያ ወዲያው ፈጣኑ ይመጣል። ብዙ የሙዚቃ ተማሪ እዚያች ጋ "ምነው ትንሽ በቆየች" ይላል።

በራቸው ላይ ስንደርስ እጃቸውን ሳምኩ። "ዘፈን አይደለም" አሉኝ፣ እንደ ፍርድ። ገብተው በሩን ዘጉ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለሌላ ስብሰባ ወደዚያው አዳራሽ ሄድኩ። ፒያኖው ተመልሶ ጥግ ይዟል፤ ላዩ ላይ ወንበር ተደርቦበታል። አወረድኩት። ስወጣ ጋሼን ሰላም ልል ወደ ጥበቃ ቤታቸው ጎራ አልኩ። የበረባሶው ሶል መስኮቱ ላይ ከቴርሞሳቸው አጠገብ ተቀምጧል። መሃሉ ላይ የቼሎው እግር የበሳት ትንሽ ቀዳዳ አለች።

"ጋሼ፣ ይሄን ለምን አልጣሉትም?"

"ተይ እንጂ ልጄ" አሉኝ። "ሌላ ይመጣ የለ? ምን ላይ ሊቆም ነው?"